ቀትር ላይ ያልተፈተነው ላፕቶፕ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አቶ ደረጀ ንግግር አደረገ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ቢሮ ሳለሁ በግድ ያልኩትን አንቱታ እዚህ አልጽፍለትም። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከታይፒስትነት ተነስተው...» ብሎ ጀመረ፤ ሰው አጨበጨበ። ታይፕ ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ በቢሮው ያለ ኮምፒውተር ሁሉ በእጄ አልፏል። የራሱን የደረጀን ኮምፒውተር እንኳ ሦስት ጊዜ ከሞት መልሼዋለሁ። እሱ ግን ምስጋናውንም ስድቡንም የሚጀምረው ከታይፒስትነቴ ነው።

ጋቢ አለበሱኝ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ደግሞ አንድ ደብተር ሰጠችኝና «እትዬ ጥሩ፣ ለመጽሔታችን የሥራ ዘመን ትዝታዎን ይጻፉልን፤ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ደስ ደስ የሚለውን ብቻ» አለችኝ። ደስ ደስ የሚለው ሁለት ገጽ አይሞላም። ስለዚህ ሌላውንም ጨምሬ ጻፍኩት። ካላተሙት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

በግል ማኅደሬ ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። ስለ አንድ ላፕቶፕ ነው። ስለዚያ ላፕቶፕ በጋምቤላ ቢሮዎች የሚወራውን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ፤ ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚገባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ከእሷም ደብቄው ነበር።

የወሎ ሰው ነኝ። በሰፈራው ጊዜ ከወላጆቼ ጋር አቦቦ አካባቢ ስንወርድ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወላጆቼ እዚያው አርሰው እዚያው ተቀበሩ፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ በቆሎ ይዘራበታል። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ታይፕ ተምሬ ከተማ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ በገጹ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ገጹን በሙሉ ቀዶ ያስደግመኝ ነበር፤ ቅዳጁንም ከወለሉ ላይ አንሥቼ እንድጥለው ቆሞ ይጠብቃል። ከአንድ መልካም ነገር በቀር ያተረፍኩት የለም፦ ጥንቃቄ የሚባለውን ነገር ከእሱ ተማርኩ። ሞቷል ሲሉኝ «ነፍስ ይማር» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሁለቱን ሣጥን አለቃው ክፍል ውስጥ ቆልፈውባቸው ከረሙ። ሲወጡ ለመጻፍ የተመረጥኩት እኔ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ የተላኩት ሌሎች ናቸው። ሥልጠና የሄዱት ሰዎች ሲመለሱ ማብራትና ማጥፋት ይችሉ ነበር። አንደኛው ኮምፒውተር ተበላሸና ከሬዲዮ መገናኛ ክፍል ኦኬሎ የሚባል የአኙዋክ ሰው አመጡ። ሽማግሌ ሊባል ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንቱ ሲሉት ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ያያል። ስለዚህ አንተ አልኩት።

ኮምፒውተሩን ሲፈታ ከኋላው ቆሜ አይ ነበር። ቀና ሳይል «ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ምን?»

«ማወቅ።»

«ሴት ልጅ ብሎን ስትፈታ ምን ይሉኛል?»

«ስትፈቺ ይስቃሉ። ስትገጥሚ ዝም ይላሉ» አለና ካቻቪቴውን ሰጠኝ።

የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ካቻቪቴ ነው። ኦኬሎ ማሽን ከመፍታቱ በፊት ቅርጹን በካርቶን ላይ ይስላል፤ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ይሰካዋል። ሲገጥም ካርቶኑ ባዶ ካልሆነ እንደገና ይፈታል። አቧራ በአፉ እፍ አይልም፤ «ትንፋሽ ውሃ አለው» ይላል፤ ጫፉን አሳጥሮ የቆረጠው የቀለም ብሩሽ ነበረው። ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚያማርርበት አንድ ልማድ ነበረው። አዲስም ይሁን የተጠገነ፣ ማንኛውንም ማሽን ጠዋት ፈትኖ አይፈርምም። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ መጋዘን ነበረች። ማሽኑን ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ያስገባዋል፤ በሩን ይዘጋል፤ የሚችለውን ከባድ ሥራ ሁሉ ይሰጠዋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአጠገቡ አይነሳም። በየግማሽ ሰዓቱ የእጁን ጀርባ ከማሽኑ ሥር ያስገባና በደብተር ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል።

«ጠዋት ሁሉም ማሽን ጎበዝ ነው» ይለኝ ነበር። «ቀትር ላይ ጠይቂው። እጅሽ ይነግርሻል። እጅ አይዋሽም።»

የጋምቤላን የመጋቢት ቀትር የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሊያየው ይችላል። የሚያውቅ አይስቅም።

ከዚያ በኋላ ኢታንግ ተመደብኩ፤ የወረዳውን ኮምፒውተሮች የምጠብቅ ብቸኛ ሰው ሆኜ አራት ክረምት በጭቃ አሳለፍኩ። ከኢታንግ ፑኝዶ፣ ከፑኝዶ መልሰው ከተማ። ደመወዙ እንደ ታይፒስት፣ ሥራው እንደ መሐንዲስ ነበር፤ ይህን ብዙ ጊዜ በማመልከቻ ስለጻፍኩት እዚህ አልደግመውም። አንድ ጊዜ ግን ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የመዝገብ ኮምፒውተሮችን እንድናይ እኔና ኦኬሎን በትውስት ላኩን። ያ ጉዞ ነው ያንን ላፕቶፕ ያመጣብኝ።

እዚያ የካርታ ሥራ የሚሠራ የአዳማ ሰው ነበር። ላፕቶፑ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ቁልፎቹ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ ናቸው። ጓደኞቹ «ሰርግ ቤት መሰልክ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱ አላፈረም፦ «የጌም ላፕቶፕ ነው። ሥራ የሚችልልኝ እሱ ብቻ ነው» አለ። ቀትር ሆነና በፕላስቲኩ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች እየተንቀራፈፉ ሄደው ሁለቱ ጭራሽ ጠፉ። የሱ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ካርታውን ይፈጭ ነበር። ኦኬሎ ተጠግቶ የእጁን ጀርባ ከሥሩ አስገባ። ብዙ ቆየ።

«ይሄ ሳንባ አለው» አለ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ለብዙ አለቆች ለማስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እዚህ ልሞክር። ጌምና ካርታ ለማሽን አንድ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እልፍ ነጥብ እንዲያሰላ ይጠይቁታል። ስለዚህ የራሱ ማስታወሻ ያለው የምስል ካርድ ያስፈልገዋል። የፕሮሰሰሩን ስም አይቶ መግዛት አይበቃም፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል ማየት ነው። ኤች ያለው ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው፤ ዩ ያለው ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ለማያውቅ ሰው መንትያ ይመስላል። የምስል ካርዱ ከዚህ ይብሳል። አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈበት ካርድ በወፍራሙ ላፕቶፕ ውስጥ በቀጭኑ ውስጥ ከሚያገኘው እጥፍ ዋት እንዲበላ ይፈቀድለታል። ቀጭኑ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ካርዱን በረሃብ ያኖረዋል። ስሙ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ራም ደግሞ አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት እኩል ቢሆን ይሻላል፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ከሆነ ነገ መጨመር የለም። የዕቃ ማስቀመጫው ሁለት ቦታ ይኑረው፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ ሥርዓት፣ አንዱ ካርታ ለሚሠራባቸው ፎቶዎች። ስክሪኑ እጅግ የጠራ መሆን የለበትም፤ ካርዱን በከንቱ ያደክመዋል። ብርሃኑ ግን ይበርታ፤ አያንጸባርቅ። እግሩ ከፍ ያለ፣ አየር ከሥር ስቦ ከኋላ የሚያወጣ፣ ሁለት ፋን ያለው፣ ቻርጀሩ ጡብ የሚያክል። ሰው የሚያማርረው በዚህ ጡብ ነው። ጉልበቱ ግን ከጡቡ ነው የሚመጣው።

ኦኬሎ ጡረታ ወጥቶ ወደ ፑኝዶ ሄደ። ብሩሹንና ደብተሩን ለእኔ ተወልኝ። የቢሮው የጥገና ባለሙያ ሆንኩ፤ በወረቀት ላይ።

ኛማል ወደ ቢሯችን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የኑዌር ልጅ ናት፤ ካርታ ነው የተማረችው። እናቷ ስለሞተችባት ከኢታንግ በታች፣ ባሮ ዳር ባለ ቀበሌ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። በየክረምቱ ወንዙ ሲሞላ የት ደረቅ እንደሚቀር፣ ጀልባ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት በድሮን ፎቶ ካርታ ለመሥራት ነበር ሐሳቧ። ድሮኑን አንድ ድርጅት ሰጠ። በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ሰፍቶ ካርታ የሚያደርግ ማሽን ግን አልነበረንም። ዴስክቶፕ እንዳንል ኢታንግ ድረስ በመኪና ይሄዳል፤ መብራቱም እንደምናውቀው ነው።

«እትዬ ጥሩ፣ አንቺ ምረጪ» አለችኝ። «ውሃው ሲመጣ አንድ ቀን ነው ያለኝ። በአንድ ቀን ካልወጣ ካርታው ሥዕል ነው።»

የጀዊውን ላፕቶፕ እያሰብኩ ዝርዝሩን ጻፍኩ። እያንዳንዱን መስመር ከነምክንያቱ። ርዕሱ ላይ «የጌሚንግ ላፕቶፕ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ስሙ እሱ ስለሆነ።

ደረጀ የግዢና ንብረት ኃላፊ ነበር። ኮሚቴው ፊት ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ጌሚንግ! ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጡረታ ሲወጡ ጌም ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ለካርታ መሆኑን አስረዳሁ።

«እሺ፣ ኦዲተሩ ሲመጣ ማን ያስረዳዋል? ‹መሥሪያ ቤቱ ጌም ገዛ› ብሎ ሲጽፍ ስሙ የሚጠፋው የእርስዎ ነው የእኔ?» ብሎ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። እዚህ ላይ ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም፤ አምናለሁ። በቃሉ ብቻ ቢያቆም ዕዳው ቀላል ነበር። «ይሄ ክብደት ምንድነው? ድንጋይ ነው እንዴ የምንገዛው? የቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ይዘውት ሲገቡ ያሳፍራል» አለና «ቀጭን፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልበለጠ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚመጥን» ብሎ በእጁ ጻፈበት።

«ቀጭኑ አይችልም» አልኩ።

«የካርዱን ስም ነክቻለሁ? ያውልዎት፣ አልነካሁም።»

«ስሙ አለ፤ ጉልበቱ የለም።»

«ስሙ ካለ ለኦዲተር ይበቃል» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ለጸሐፊው፦ «ይቺ ታይፒስታችን ደግሞ መሐንዲስ ሆናለች» አለ፤ እኔ እንደምሰማ እያወቀ።

ለከተማው ያወራሁት እስከዚህ ያለውን ነው። ሁሉም እውነት ነው።

ኛማል ያን ሰሞን መስክ ላይ ነበረች። ስትመለስ ሰምታ መጣች። «ቀጭን ነው አሉ። ይሠራል?»

«ሲመጣ ቀትር ላይ እፈትነዋለሁ። ካልሠራ አልረከብም» አልኳት።

«አንቺ ከፈተንሽው በቃኝ» አለችና ሄደች።

ላፕቶፑ የመጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ንብረት ክፍል ኤሲ አለው። ከሣጥኑ ሲወጣ ያምራል፤ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። የአቅራቢው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የርክክብ ወረቀቱ ተሞልቷል፤ የቀረው የቴክኒክ መርማሪዋ ፊርማ ነው።

«በሉ፣ ታይፒስቷ ትፈርምልንና እንገላገል» አለ ደረጀ።

«አጣድፈው አስፈረሙኝ» እያልኩ ነው ስናገር የኖርኩት። ውሸት ነው። ደንቡ ዕቃውን ለፍተሻ የማቆየት መብት ይሰጠኝ ነበር፤ እሱም ያውቃል፤ እንቢ ብል እስከ ማግሥት መጠበቅ ግዴታው ነበር። አንሥቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ ያለው የአየር ማስገቢያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠነ ነው። ቻርጀሩ የስልክ ቻርጀር ሊያክል ምንም አልቀረውም። በዚህ አገር ቀትር፣ በዚያ ሥራ፣ ሰዓት እንደማይሞላ አወቅሁ። ጥርጣሬ አልነበረም፤ አወቅሁ።

ከዚያ በልቤ «ይንደድ» አልኩ። ሰው በተሰበሰበበት፣ በኃላፊው ፊት ድርግም ብሎ ይጥፋ፤ ያኔ ታይፒስቷ ምን ብላ እንደነበር ያስታውሳሉ። እንቢ ብል ኖሮ ክርክሩ እንደገና ተጀምሮ እንደገና እሸነፍ ነበር። ብፈርም ግን ማሽኑ ራሱ ይከራከርልኛል። «ቴክኒካዊ ፍተሻውን አልፏል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ደረጀ ገርሞት አየኝ፤ ያ መገረሙ ራሱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኛማል በር ላይ አገኘችኝ። «ፈተንሽው?»

«ፈትኜዋለሁ» አልኳት።

እንዳሰብኩት ቢሆን በሳምንቱ ይጋለጥ ነበር። ኃላፊው ግን ወደዱትና ወስደው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ስብሰባ ሲኖር በኤሲ ክፍል ውስጥ ስላይድ ያሳዩበታል፤ ለዚያ ሥራ ምንም አልጎደለውም። በጋው እንዲሁ አለፈ። በየሳምንቱ ሲጠፋ ለማየት እጠብቅ ነበር። ሲጠፋ አላየሁም። ለኛማል የሰጧት ክረምቱ ገብቶ ባሮ ከዳር እስከ ዳር ከሞላ በኋላ ነው። ያኔ እንኳ መናገር ይቻል ነበር። የጀዊ ካምፕ አንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም፤ ማሽን በትውስት መለመን ይቻል ነበር። እኔ ግን ከፈረምኩት በኋላ እንዴት ብዬ?

ኢታንግ በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሆና ጄኔሬተር አስነሥታ ፎቶውን ጫነችበት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ ያለውን የኢታንግን ወበቅ አራት ክረምት አውቀዋለሁ። ስልኬ ጮኸ።

«ጠፋ» አለችኝ። «ሲሶ ደርሶ ነበር፤ ጠፋ።»

«ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ከሥሩ የጠርሙስ ክዳን አድርጊበት፤ አየር ይግባው። ከጠረጴዛው ዳር፣ በር በኩል አስጠጊው።»

እንደገና ደወለች። ጠፍቷል። የካርዱን ፍጥነት በገደብ እንድትቀንስ፣ የፎቶውን ጥራት ግማሽ እንድታወርድ፣ ሥራውን በአራት ከፍላ እንድትሰጠው ነገርኳት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። በዚያ ቀን ከእኔ የተሻለ ምክር የሚሰጣት ባለሙያ በክልሉ አልነበረም፤ ይህን ለመኩራራት አይደለም የምጽፈው።

«ጀልባው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ነጂው በየት ልሂድ ይለኛል» አለች። የነጂው ድምፅ ይሰማል፤ ከኋላዋ ሆኖ «እህቴ፣ ካርታሽ መቼ ነው የሚበስለው?» ይላል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ነጂው በግምት ሄደ። ውሃው በዚያ ዓመት ከልማዱ ሌላ መንገድ ነበር የያዘው። ጀልባው ወደ ላይኛው ቀበሌ ነው የሄደው፤ እዚያ ያሉት ቀድመው ወጥተው ነበር። ካርታው ተከፋፍሎ ተሰፍቶ ያለቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ኛማል ካደገችበት ከታችኛው ቀበሌ ጀርባ አንዲት ደረቅ ጉብታ ያሳያል። ጀልባው ሲደርስ ጉብታዋ ላይ ሰዎች ነበሩ፤ ከብትም ነበር። የኛማል አክስት አልነበረችም። በሁለተኛው ቀን ጥጃ ልትይዝ ወደ ውሃው ወርዳ ነበር አሉ። በዚያው ቀረች።

ካርታው በቀኑ ቢደርስ ትተርፍ ነበር ማለት አልችልም። አትተርፍም ማለትም አልችልም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ደረጀ ብዙ አልተናገረም፤ ወረቀቱን ብቻ አወጣ። «የቴክኒክ ባለሙያዋ አልፏል ብላለች» አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ያጸዳሁለት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ለእኔ ተጻፈ፤ እሱ በዓመቱ አደገ። ከዚያ ነው ማውራት የጀመርኩት። ቀይ እስክሪብቶውን፣ ሳቁን፣ «ታይፒስቷ» ማለቱን ለሰሚ ሁሉ ነገርኩ። ሰው ደረጀን ስለማይወድ በቀላሉ አመነኝ። ኛማልም አመነችኝ። ለአክስቷ ለቅሶ ልደርስ ቤቷ ስሄድ ተነሥታ አቀፈችኝና «አንቺ ብቻ ነሽ የለፋሽልኝ» አለችኝ። እንዳቀፈችኝ ቆየሁ።

ኦኬሎን ለመጠየቅ ፑኝዶ የሄድኩት በዚያ ዓመት ነው። ዓይኑ ደክሞ ነበር። ስለ ደረጀ አንድ በአንድ ነገርኩት። ስጨርስ እጄን ፈልጎ ያዘና ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እጅሽ ምን አለ?»

እጄን ለቀቀው። ከዚያ ስለ ዓሣ አወራን። ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ያቺን ጥያቄ ግን በሌላ ሰው ፊት ጠይቆኝ አያውቅም፤ አልተናገረብኝም።

ይህን ደብተር መጻፍ ጀምሬ መሀል ላይ ሳለሁ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ኛማል ቤቴ መጣች። ከቢሮው ለቃለች። የካርታ ሥራ በግሏ ልትሠራ ነው፤ ባጠራቀመችው ገንዘብ ላፕቶፕ ልትገዛ።

«የራሴ ይሁን» አለች። «ማንም ቀጭን ይሁን እንዳይለኝ። አንቺ ምረጪልኝ።»

መረጥኩላት። ያንኑ የጥንቱን ዝርዝር ዛሬ ባለው ዕቃ አድሼ፣ ካርዱ ስንት ዋት እንደተፈቀደለት በቁጥር አስጽፌ፣ ራሙ በሁለት ተከፍሎ፣ ቀጭን ነገር አንድም ሳይኖርበት። አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ ገዝቶ ላከው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ቁልፎቹ የሚያበሩ ነው። ከነቻርጀሩ ስታነሣው «ጥጃ ነው የሚመዝነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከቤቴ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ማድ ቤት ውስጥ አስገባነው። በሩን ዘጋሁ። የድሮዎቹን የኢታንግ ፎቶዎች ሰጠችው። ፋኖቹ ተነሡ፤ እንደ ጀዊው እንደ ወፍጮ ጮኹ። የኦኬሎን ደብተር ከፍቼ የመጀመሪያውን ምልክት አደረግሁ። ሁለታችንም ላባችን ይንጠባጠባል። በሁለተኛው ሰዓት ካርታው ከግማሽ አለፈ። ታችኛው ቀበሌ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ጉብታዋም።

ኛማል ጉብታዋን እያየች «ያኛውም እንዲህ ጮኾ ነበር?» አለችኝ። «ስትፈትኚው።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ለስንት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ።

«አልፈተንኩትም» አልኳት።

«አስቸኮሉሽ።»

«አላስቸኮሉኝም። እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የፈረምኩት።»

ፋኑ ይጮኻል። ዞራ አላየችኝም።

«ለምን?»

«እሱ እንዲዋረድ።»

«ማን?»

«ደረጀ።»

ስሙን የማታውቀው ሰው ይመስል ጥቂት አሰበችበት። «ደረጀ አልተዋረደም» አለች።

«አልተዋረደም።»

ተነሥታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ድረስ እዚያው ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። በየግማሽ ሰዓቱ የእጇን ጀርባ ከማሽኑ ሥር አስገብታ አወጣች፤ ምልክቱን ራሷ አደረገች። ለእኔ እርሳሱን አልሰጠችኝም። ካርታው አለቀ። ማሽኑ አልጠፋም።

ያን ጊዜ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። እርሳሱን ከላዩ አስቀመጠች።

«ይፈርሙ» አለችኝ።

«ቀትር ላይ ተፈትኖ አልፏል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አነበበች፤ ፊቴን አላየችም። ገጹን ቀዳ አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ላፕቶፑን ገና እንደጋለ ቦርሳው ውስጥ አስገብታ ዘጋችው። እንዲህ አይደረግም፤ እስኪበርድ ይጠበቃል። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።